የሳይንስ አስተማሪ ለመባል

ሐኪም ለመሆን ምን እንደሚያስፈልግ በተማሪ ቤት ያለ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ስንት ዓመት እንደሚፈጅ፣ ምን ያህል ነጥብ እንደሚጠይቅ፣ በመጨረሻም ነጭ ካፖርት ለብሶ መውጣት እንዳለ ሳይቀር ይነግራችኋል። የሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ አስተማሪ ለመሆንስ ምን ያስፈልጋል ብላችሁ ብትጠይቁት ግን ትንሽ ያመነታና «ዲግሪ ነዋ!» ይላል። አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ደግሞ «ሌላ ሥራ ማጣት ነው» ብሎ ይቀልዳል። ቀልዱ አዲስ አይደለም፤ በየከተማው ይሰማል። እኛ ግን ዛሬ ቀልዱን ትተን ጥያቄውን ልንይዘው እንወዳለን። ይህን ገጽ ከሚያነቡት መካከል ብዙዎቹ ወይ የሚማሩትን ለመምረጥ የተዘጋጁ ተማሪዎች፣ ወይም በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጠው ስለ አስተማሪዎች ቅጥርና ዝውውር ደብዳቤ የሚጽፉ ወጣት ሹማምንት ስለሆኑ ነገሩ ለሁለቱም ወገን ሩቅ አይደለም።

ለነገራችን ምሳሌ እንዲሆነን ወደ አዊ እንሂድ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያልፍ መንገደኛ በመጀመሪያ እንጅባራን፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ዐልፎ ደግሞ ዳንግላን ያገኛል። እንጅባራ የዞኑ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,560 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ብርዷ የጸና፣ ቀርከሃ የሚበቅልባት፣ ፈረስ የማይታጣባት የደጋ ከተማ ናት። ዳንግላ ከእርሷ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ከዚያ ወደ ጃዊ የወረደ ሰው ቆላ ይገባል። የአገሬው ሕዝብ አገው ነው፤ ቋንቋው አዊኛ ነው፤ አማርኛም ከእርሱ ጋር ጎን ለጎን ይነገራል። የእንጅባራ ዩኒቨርስቲ በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ስለ ጀመረ፣ ቀድሞ ዲግሪ ፍለጋ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሄድ የነበረው የአዊ ልጅ ዛሬ እናቱ ቤት እያደረ ፊዚክስ ሊማር ይችላል። እንዲህ ባለ አገር የሳይንስ አስተማሪ ማግኘት ሊቸግር አይገባም ነበር።

ችግሩ ያለው ግን በአዊ ብቻ አይደለም፤ በአገሪቱ ሁሉ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርስቲው ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የወጡት ቁጥሮች ይህን በግልጽ ተናግረዋል። ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያገኙት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. ፈተና ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 8.4 ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ከ845 ሺህ የሚበልጡ ልጆች ተፈትነው ያለፉት 27 ሺህ ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ አንድ ተማሪ እንኳ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ሆነው ተገኝተዋል። ቁጥሩ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከፍ ማለቱ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ከመቶ ልጅ ዘጠና አንዱ ወድቆ ስለ ልጁ ስንፍና ብቻ መናገር ተገቢ አይመስለንም። ልጁ ፊት ሆኖ ያስተማረው ማን ነው? እንዴትስ ተሠርቶ ወደዚያ ክፍል ገባ? ብሎ መጠየቅ ይገባል።

የኢትዮጵያ የአስተማሪዎች ሥልጠና ታሪክ ረጅም አይደለም። ከጠላት ወረራ በኋላ አስተማሪዎችን ማሠልጠን የተጀመረው በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ ነበር። ይህም በመጀመሪያ ለአንደኛ ደረጃ የታሰበ ነበር። ለሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ የሚሆነው ሰው ለረጅም ጊዜ ከውጭ አገር የመጣ ነበረ። በ1955 ዓ.ም. መግቢያ ከ270 የሚበልጡ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች በአንድ ጊዜ ሲደርሱ በአገሪቱ የነበረው የሁለተኛ ደረጃ ባለ ዲግሪ አስተማሪ ቁጥር በአንድ ቀን እጥፍ ወደ መሆን ተቃረበ። ከዚያ በኋላም ብዙ ወላጆቻችን ፊዚክስና ሒሳብ የተማሩት ከሕንድ አስተማሪዎች ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥተው እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ የተመደቡት በአስተማሪነት ነበር። ለጎጃም ትልቁ ነገር የሆነው በ1965 ዓ.ም. የፔዳጎጂ አካዳሚ በባሕር ዳር መከፈቱ ነው። ይኸው አካዳሚ በ1992 ዓ.ም. ከፖሊ ቴክኒክ ጋር ተዋሕዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርስቲ ሆነ። ዛሬ በእንጅባራና በዳንግላ ጠመኔ ይዘው ከቆሙት አስተማሪዎች ብዙዎቹ የዚያ ግቢ ልጆች ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አስተማሪን ለማሠልጠን በዓለም ሁለት መንገዶች ይታወቃሉ። በአንደኛው መንገድ ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ኬሚስትሪውንና የማስተማር ጥበቡን ጎን ለጎን ይማራል። በሁለተኛው መንገድ በመጀመሪያ ኬሚስትሪውን ብቻ ተምሮ ይመረቃል፤ አስተማሪ መሆን ሲፈልግ ደግሞ ተመልሶ የማስተማር ጥበቡን ለብቻው ይማራል። አገራችን በአንዲት ትውልድ ዕድሜ ሁለቱንም ሞክራለች። ቀድሞ አራት ዓመት ይፈጅ የነበረው የአንድነት ሥልጠና በ1995 ዓ.ም. ገደማ በተጀመረው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ ወደ ሦስት ዓመት ዝቅ አለ። በዚያ ውስጥ ሰልጣኙ ብዙ ጊዜውን በትምህርት ቤት ልምምድ እንዲያሳልፍ ተደረገና የትምህርት ዓይነቱ እውቀት ሳሳ ተብሎ ተወቀሰ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ወጣቱ በዩኒቨርስቲ በፊዚክስ ወይም በባዮሎጂ ንጹሕ ዲግሪ ይዞ ከወጣ በኋላ ለአንድ ዓመት ገብቶ ድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ እንዲያገኝ ተደነገገ። በዚህ አንድ ዓመት ውስጥ የሥነ ልቡና ትምህርት፣ የሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት፣ የምዘና ዘዴ፣ የትምህርቱን ዓይነት የማስተማር ስልት፣ እንዲሁም በትምህርት ቤት የሚደረግ ልምምድ ሁሉ ይታጨቃሉ።

የሁለተኛው መንገድ ደጋፊዎች ያላቸው ምክንያት ከንቱ አይደለም። ፊዚክስ ሳያውቅ ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ከየት ይመጣል? ይላሉ። እኛ የምንፈራው ሌላ ነገር ነው። ወጣቱ ሦስት ዓመት (ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አራት ዓመት) ሲማር ስለ ማስተማር አንድ ቀን እንኳ አያስብም። የሚያስበው ስለ ፋብሪካ፣ ስለ ምርምር፣ ስለ ባንክ ጭምር ነው። ሥራ ሲጠፋ ያን ጊዜ የአንድ ዓመቱ ዲፕሎማ ትዝ ይለዋል። አስተማሪነት በዚህ ጊዜ የተመረጠ ሙያ መሆኑ ቀርቶ ዝናም ሲመጣ የሚጠጉበት ዛኒጋባ ይሆናል። ዝናሙ ሲያባራ ደግሞ ሰው ከዛኒጋባ ይወጣል፤ የፊዚክሱ አስተማሪ በኅዳር ወር ባንክ ቤት ሥራ አገኘና ክፍሉ እስከ የካቲት ባዶውን ቀረ ሲባል የማይሰማ አገር የለም። ነገሩን መንግሥትም ሳያስተውለው አልቀረም። በ2010 ዓ.ም. የቀረበው የትምህርት ፍኖተ ካርታ ጉዳዩን እንደገና አንሥቶታል፤ የኮተቤው ኮሌጅም ብዙ ስም ከለዋወጠ በኋላ በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዩኒቨርስቲ ተብሎ አስተማሪ ማፍራት ዋና ሥራው እንዲሆን ተደርጓል።

የሁለቱ እውቀቶች መለያየት ምን እንደሚጎዳ በቀላል ምሳሌ እናሳይ። የመማሪያው መጽሐፍ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ይላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በባሕር ጠለል ላይ ነው። ሰው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር በላዩ የሚጫነው አየር እየቀለለ ስለሚሄድ በየ300 ሜትሩ ከፍታ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በእንጅባራ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ተኩል ገደማ፣ በዳንግላ በ93 ገደማ፣ በጃዊ ቆላ ደግሞ ከ95 በላይ ነው። እንግዲህ አንዲት የእንጅባራ ተማሪ ቴርሞሜትሩን በሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ነክራ «ጋሼ፣ 91 ላይ ቆመ፤ አልወጣ አለ» ብትል አስተማሪዋ ምን ይመልስላታል?

ፊዚክሱን በደንብ ያላወቀው አስተማሪ «መለኪያው ተበላሽቷል፤ አንቺ 100 ብለሽ ጻፊ» ይላታል። በዚህች ቅጽበት ልጅቱ የምትማረው ነገር አለ፤ ይኸውም ዓይን ያየውን ትቶ መጽሐፍ ያለውን መጻፍ ነው። ፊዚክሱን ጠንቅቆ የሚያውቀው፣ ማስተማርን ግን ያልተማረው አስተማሪ ደግሞ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ስለ ግፊትና ስለ ተን የሚናገረውን ቀመር ከዳር እስከ ዳር ይጽፈዋል። አርባ ደቂቃው ያልቃል፤ ስልሳው ልጅ ይገለብጣል፤ ስለ ድስቱ ያሰበ የለም። ሦስተኛው አስተማሪ ግን «መጽሐፉም አልዋሸም፣ መለኪያውም አልተበላሸም። እንዴት ሊሆን ቻለ?» ብሎ ጥያቄውን ለክፍሉ ይመልሰዋል። ቀጥሎም ከቆላ ዘመድ ያለው ልጅ ካለ ንፍሮ በቆላ ቶሎ ይበስል ወይም ይዘገይ እንደሆነ ይጠይቀዋል። በደጋ ንፍሮ የሚዘገየው እንጨቱ ስለሚሰንፍ አይደለም፤ ውሃው ራሱ ቀዝቀዝ ብሎ ስለሚፈላ ነው። ከዚህ በኋላ ቀመሩ ሲጻፍ የሚመልሰው ጥያቄ ስላለ ትርጉም ያገኛል።

አሜሪካዊው የሥነ ትምህርት ሊቅ ሊ ሹልማን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1986 ባወጣው ጽሑፍ ይህን ሦስተኛውን ዓይነት እውቀት ለይቶ ስም ሰጥቶታል። እንደ እርሱ አስተያየት የትምህርቱን ዓይነት ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ማስተማር በጠቅላላው ማወቅም ሌላ ነው። የአስተማሪ እውቀት የሚባለው ግን ሁለቱ የተጋቡበት፣ ይኸኛው ትምህርት ለዚህኛው ልጅ የትኛው ጋ እንደሚከብደውና በምን ምሳሌ እንደሚቀልለው የማወቅ ጥበብ ነው። ኬሚስቱ ይህ እውቀት የለውም፤ አያስፈልገውምም። አስተማሪው ግን ያለ እርሱ አስተማሪ አይባልም።

አዊ ደግሞ ለዚህ ጥበብ የተመቸ አገር ነው። በፋግታ ለኮማና በባንጃ ወረዳዎች ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ከአውስትራልያ የመጣ ግራር በማሳው ይተክላል። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ መካከል እህል ይዘራበታል፤ ቀጥሎ ሣሩን ያጭድበታል፤ ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስለዋል፤ መሬቱንም እንደገና ያርሰዋል። በዚህ አንድ ማሳ ላይ የሁለት ዓመት የባዮሎጂና የኬሚስትሪ ትምህርት ተዘርግቷል ብንል ማጋነን አይሆንም። የዛፉን ሥር ነቅሎ ያየ ልጅ እንደ ዶቃ ያሉ ትናንሽ እብጠቶችን ያገኛል፤ በውስጣቸው ያሉት ባክቴሪያዎች የአየሩን ናይትሮጅን እየያዙ ለተክሉ ምግብ ያደርጉታል። ከሰሉም ራሱ ላቦራቶሪ ነው። እንጨቱ በአፈር የሚደፈነው አየር እንዳያገኝና አመድ እንዳይሆን ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ነጭና ወፍራም ጢስ አብዛኛው የእንጨቱ ውሃ ነው፤ ጢሱ እየሳሳ ወደ ሰማያዊነት ሲያደላ ከሳዩ ጊዜው መድረሱን ያውቃል። ይህን የሚያውቅ የገበሬ ልጅ ክፍል ገብቶ አየር በሌለበት ስለሚደረግ የእንጨት መበስበስና መቃጠል ልዩነት በማያውቀው ቋንቋ ሲሸመድድ፣ አባቱ የሚሠራው ሥራና መጽሐፉ የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር መሆኑን ሳይነገረው ይቀራል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ዛፉን የሚያደርቅ እንደ ዝገት ያለ የፈንገስ በሽታ ገብቶ ብዙ ማሳ ጎድቷል። ነገሩ ለገበሬው የኑሮ፣ ለባዮሎጂ አስተማሪው ደግሞ የትምህርት ጉዳይ ነው።

የደጋው መሬት ኮምጣጣ ነው፤ ስለዚህም ገበሬው ኖራ እንዲነሰንስበት ይመከራል። ኖራ ምን ያደርጋል? ይህን ለማሳየት ከውጭ አገር የሚመጣ መድኃኒት አያስፈልግም። ቀይ ጥቅል ጎመን ተቀቅሎ ውሃው ሲጠለል ኮምጣጣ ነገር ያቀላዋል፤ እንደ አመድ ውሃ ያለው ደግሞ ወደ ሰማያዊና ወደ አረንጓዴ ያዞረዋል። ሎሚ፣ አመድና ከሦስት ማሳ የተወሰደ አፈር ካለ የአንድ ሳምንት የኬሚስትሪ ትምህርት ተዘጋጀ ማለት ነው። ስለ ፍጥነት ለማስተማርም የመማሪያው መጽሐፍ ሁልጊዜ ባቡር ይጠራል። የእንጅባራ ልጅ ባቡር አላየም፤ ነገር ግን ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች ሲጋልቡ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አይቷል። መቶ ሜትር ለክቶ፣ ሰዓት ይዞ መቆም ብቻ ነው።

አሁን ስለ ቋንቋ ጥቂት እንበል። በአዊ ብዙው ልጅ ትምህርት የሚጀምረው በአዊኛ ነው። ይህም የተቀደሰ ነገር ነው፤ ልጅ በእናቱ ቋንቋ ሲማር ቶሎ ይገባዋል። አማርኛውንም ያውቀዋል። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ግን ሳይንሱ በሙሉ በእንግሊዝኛ ይሆናል። እንግዲህ ልጁ ስለ ውሃ ቤቱ ውስጥ በአዊኛ ያስባል፣ ገበያ ላይ በአማርኛ ይናገራል፣ ፈተና ላይ በእንግሊዝኛ ይጽፋል። አስተማሪው ፊዚክስ የሚያስተምር ቢመስለውም በእውነቱ በየሰዓቱ ሦስት ቋንቋ የሚያሻግር አስተርጓሚ ነው። ታዲያ በአንድ ዓመቱ ሥልጠና ውስጥ ለዚህ የማሻገር ሥራ የሚሰጠው ጊዜ እጅግ ትንሽ ነው። አዊኛ የሚችል የፊዚክስ ምሩቅ በእንጅባራ፣ አዊኛ የማይችለውም ቢሆን ለመስማት የሚጥር ሰው ቢመደብ ከብዙ የስብሰባ ንግግር ይሻላል ባዮች ነን።

አስተማሪው ሳይዘጋጅ በመሣሪያ ሊተካ አይችልም ወይ? የሚል ሰው ቢኖር ለእርሱም መልስ አለ፤ ተሞክሯልና። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በመላ አገሪቱ ባሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ የሚባለው ቴሌቪዥን ተተከለ። የሳይንሱ ትምህርት በሳተላይት እየተላከ በአንድ ሰዓትና ደቂቃ በአዲስ አበባም በዳንግላም ይታይ ጀመር። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ያላየነውን ሙከራ አሳይቶናል። እኛም ከፊቱ ተቀምጠን ከተማሩት መካከል ነን። ነገር ግን እንግሊዝኛው ይሮጣል፤ ጥያቄ ይጠይቅና መልሱን ሳይጠብቅ ያልፋል፤ መብራት ከጠፋም ያ ትምህርት ተመልሶ አይመጣም። ከሁሉም የሚያሳዝነው አስተማሪው ከበሩ አጠገብ ቆሞ ማብሪያና ማጥፊያ ጠባቂ ሆኖ መቅረቱ ነበር። ቴሌቪዥኑ ልጅቱ «91 ላይ ቆመ» ስትል አይሰማትም።

ስለ ምስክር ወረቀቱ እንናገር። ዛሬ በሕግ የተቀየሰው መንገድ እንዲህ ነው። ወጣቱ ዲግሪውን ሲጨርስ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል። የማስተማር ዲፕሎማውን ይዞ ሲቀጠር ለሁለት ዓመት በአንድ አማካሪ መምህር ሥር ሆኖ የሙያ ትውውቅ ያደርጋል። ከዚያም በየዓመቱ ቢያንስ 60 ሰዓት የሚሆን ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ይጠበቅበታል፤ አስተማሪዎች በአጭሩ «ተሙማ» የሚሉት ይህንኑ ነው። የሙያ ፈቃዱም በጽሑፍ ፈተናና ማኅደረ ተግባር በሚባለው የሥራ ማስረጃ ክምችት ይመዘናል። መመዘኛዎቹ ሰባት ሲሆኑ ስለ ሙያ እውቀት፣ ስለ ሙያ ተግባርና ስለ ሙያ ተሳትፎ የሚናገሩ ናቸው። የዕድገቱ መሰላል ከጀማሪ መምህር ይነሣና በመለስተኛ፣ በመምህርና በከፍተኛ መምህር በኩል እስከ መሪ መምህርና ከዚያም በላይ ይደርሳል።

በወረቀት ላይ ሲታይ ይህ ሁሉ እንከን የለውም። በሥራ ላይ ሲሆን ግን ማኅደረ ተግባሩ ብዙ ጊዜ የፋይል ውፍረት ውድድር ይሆናል። ከጎረቤት ትምህርት ቤት የተገለበጠ የተግባር ምርምር፣ ቀኑ ብቻ የተለወጠ የትምህርት ዕቅድ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ሁሉ ይታጨቅበታል። አማካሪ የተባለው መምህርም ራሱ በሳምንት የሚያስተምረው ብዙ ስለሆነ የጀማሪውን ክፍል ሳይረግጥ ሊፈርምለት ይችላል። የጽሑፉ ፈተና ደግሞ ማን የኒውተንን ሕግ እንደሚያውቅ ይለያል እንጂ፣ ማን ቤተ ሙከራውን ከፍቶ ከስልሳ ልጅ ጋር ሊሠራ እንደሚችል አይለይም። ለመንጃ ፈቃድ እንኳ ሰው መኪና ላይ ተቀምጦ ይፈተናል! ለሳይንስ አስተማሪ ፈቃድ አንድ ሰዓት ክፍል ገብቶ፣ አንድ ሙከራ አሠርቶ፣ ልጆቹ ሲጠይቁት የሚመልሰውን የሚያይ መርማሪ ቢቀመጥ ወጪው ከባድ መሆኑ አይካድም። እንደሚመስለን ግን በፋይሉ ላይ ከሚጠፋው ጊዜ አይበልጥም።

«ዕቃ በሌለበት ምን ሙከራ አለ?» የሚለው ምክንያት ትክክል ነው፤ ግን ግማሽ ብቻ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትምህርት ቤቶቻቸው ለፈረሱባቸው አገሮች አስተማሪዎች ዩኔስኮ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1948 አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ይዘቱም ከጣሳ፣ ከጠርሙስ፣ ከሽቦና ከሻማ የሳይንስ መሣሪያ ስለ መሥራት ነው። መጽሐፉ አድጎ በ1956 ለዓለም የሳይንስ አስተማሪዎች ሁሉ መመሪያ ሆነ። ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ግጭት የተነሣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የተጎዱና የተዘረፉም አሉ፤ እጅግ ብዙ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆነዋል። ወደ ክፍል የሚመለሰው ልጅ የሚያገኘው የተሟላ ላቦራቶሪ አይሆንም። ስለዚህ በጣሳና በሻማ ማስተማር የሚችል ሰው ዛሬ ለዚያ አገር የሚያስፈልገው እንደ ቅንጦት አይደለም።

ዳንግላ ሳይንስ ሲሠራባት ይህ የመጀመሪያ ጊዜዋ አይሆንም። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን የወፎችና የእንስሳት አጥኚ ነበር። ከዚያች ከተማ እየተነሣ በበቅሎ የጣናን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ ዞሮ ለክቷል፤ ካርታም አንሥቷል፤ በ1936ም መጽሐፍ አሳትሟል። ጫናውን የጫኑት፣ መንገዱን የመሩት፣ የወፎቹን ስም የነገሩት ያገር ሰዎች ነበሩ። መለኪያውን ይዞ የነበረው ግን እንግዳው ነው። በአንጻሩ የእኛው ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1964 በዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ለቢልሐርዝያ መከላከያ የሚሆን ትልቅ ግኝት አስገኘላቸው። እንዶዱን ሁሉም ሰው ያውቀው ነበር። «እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ለምን ሞቱ?» ብሎ መጠየቅ ግን የሚለመድ ነገር ነው፤ የሚለመደውም አንድ አስተማሪ ቀድሞ በክፍል ውስጥ ሲያስለምደው ነው።

ለተማሪዎች አንድ ቃል አለን። ደመወዙ አነስተኛ ነው፤ የቤት ኪራዩ አያመችም፤ ይህን መደበቅ ውሸት ይሆናል። ግን ሙያውን የምትገቡበት ከሆነ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምራችሁ ግቡበት። ፊዚክሱን ስትማሩ «ይህን ለዘጠነኛ ክፍል ልጅ እንዴት አድርጌ እነግረዋለሁ?» እያላችሁ ተማሩ፤ ለዚህ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። በተለይ ለልጃገረዶች፦ በሁለተኛ ደረጃ ያሉት ሴት የፊዚክስ አስተማሪዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እናንተ ሰሌዳው ፊት ስትቆሙ ከኋላ ወንበር ያለችው ልጅ የምታየው ነገር አለ።

ለወጣት ሹማምንት ደግሞ የምንጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የኬሚስትሪ ምሩቅ ሒሳብ እንዲያስተምር አትመድቡ። የቤተ ሙከራው ቁልፍ ዕቃ እንዳይጎድል ተብሎ በንብረት ክፍሉ ሹም ኪስ ውስጥ ሲከርም ጠይቁ። ጀማሪው አስተማሪ ለመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያድርበት ክፍል ፈልጉለት። አንድ ነገር ደግሞ በዚህ ዓመት ሊሠራ ይችላል። የዞኑ ትምህርት መምሪያ በእንጅባራ፣ በዳንግላ፣ በቻግኒና በጃዊ ላሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንድ ደብዳቤ ቢጽፍና በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ዘጠነኛ ክፍሎች ሁሉ ውሃ አፍልተው ያገኙትን ቁጥር በስልክ ቢለዋወጡ፣ ከፍታውን ከታች ሙቀቱን በጎን አድርገው ነጥቦቹን በአንድ ወረቀት ላይ ቢያኖሩት፣ አዊ የራሷን መስመር ራሷ ለክታ ታወጣለች። ለዚህ የሚያስፈልገው ምድጃ፣ ድስት፣ እስከ 110 ዲግሪ የሚያሳይ ቴርሞሜትርና ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ነው። ከጤና ጣቢያ መለኪያ እንዋስ የሚል ቢኖር ግን አይሆንም፤ የሕክምናው ቴርሞሜትር 42 ላይ ያበቃል።